የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሙቀት፦ እንዴት ይለካል፣ እንዴት ይነበባል፣ እንዴት ይቀነሳል?

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቼ ቤት ባስገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረዘም ያለ ቪዲዮ ወደ ሌላ ፎርማት እየቀየርኩ ሳለ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ ጀመር። ጩኸቱን እንኳ ችዬው ነበር፤ ግራ ያጋባኝ ሥራው በገፋ ቁጥር ይበልጥ እየተንቀራፈፈ መሄዱ ነው። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋና ቺፕ) የኢንቴል ኮር አይ5-6500 ሲሆን አራቱም ኮሮቹ (ሥራውን የሚከፋፈሉት የውስጥ ክፍሎቹ) አንድ ላይ ሲሠሩ 3.3 ጊጋኸርዝ ላይ መቆየት ይችላል። የሙቀት መከታተያ ፕሮግራም ጭኜ ስመለከት ግን ሙቀቱ 99 እና 100 ዲግሪ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፍጥነቱ ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ወርዶ አገኘሁት። በማግስቱ ግማሽ ቀን ከሠራሁበት በኋላ፣ ያው ኮምፒውተር በዚያው ክፍል ያንኑ ቪዲዮ ሲቀይር ከ63 ዲግሪ አላለፈም። የገጠምኩለት አዲስ ዕቃ አልነበረም፤ ያወጣሁት ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ ቱቦ ተርማል ፔስት፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ለሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ልቁጥ፣ እና ለአንድ ጠርሙስ አልኮል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዘመድና የጎረቤት ኮምፒውተሮችን ስከፍት የታዘብኩት፣ ብዙ ሰው ሳይለካ መፍታት እንደሚጀምር ነው። አንዱ ትልቅ ፋን ይገዛል፣ ሌላው ፔስት ይቀይራል፣ ሦስተኛው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እንደጠቀመ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በሌላ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ የሙቀቱ አካሄድ ይነበባል፣ ካቻቢቴ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በዛሬ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ሙቀት የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች አሉ፤ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች እያንዳንዱ ኮር የራሱ አለው። የኢንቴል ሴንሰሮች በመሠረቱ የሚናገሩት ፕሮሰሰሩ ከተፈቀደለት ጣሪያ በስንት ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነው፤ ፕሮግራሙ ይህን ከጣሪያው ላይ ቀንሶ ነው ሙቀቱን የሚያሳየን። በዚህ ምክንያት ንባቡ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ይበልጥ የሚታመን፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ሊሳሳት የሚችል ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 20 ነኝ ቢል፣ ተአምር ሳይሆን የሴንሰሩ ጠባይ ነው።

ጣሪያው እንደ ፕሮሰሰሩ ይለያያል። በአብዛኞቹ የኢንቴል ኮር የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ነው። ከኢንቴል ተፎካካሪ ከኤኤምዲ ወገን ራይዘን 7 5800ኤክስ 90፣ ራይዘን 5 5600ኤክስ 95፣ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ 89 ዲግሪ ጣሪያ አላቸው። በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጡት እንደ ራይዘን 5 7600ኤክስ ያሉት ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ እነዚህ ሙሉ ጭነት ሲመጣባቸው ሆን ብለው እስከ 95 ዲግሪ ወጥተው እዚያው እንዲሠሩ ተደርገው የተነደፉ ናቸው። በአሮጌ ኮምፒውተር ልማድ 95 አይቶ የሚደነግጥ ሰው፣ ደህና የሆነውን ማሽን ሊፈታ ይችላል።

አንድ ሌላ ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። የአይ5-6500ን መግለጫ ቢያነቡ 71 ዲግሪ የሚል ያገኛሉ፤ ይህ በፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ላይ የሚለካ ሙቀት እንጂ ሴንሰሮቹ ከውስጥ የሚያነቡት አይደለም። ሴንሰሩ 75 ስላለ ከተፈቀደው አልፏል ማለት አይቻልም።

ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃው ኮምፒውተሩን ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። ስለዚህ በተግባር የሚያስከፍለን ዝግመት፣ ጩኸትና ያልተቀመጠ ሥራ መጥፋት ነው። እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ 100 ዲግሪ ጣሪያ ያለው የቆየ ዴስክቶፕ በሙሉ ጭነት ከ80 በታች ከሆነ አልነካውም፤ በ80 እና በ90 መካከል ከሆነ ምክንያቱን እፈልጋለሁ፤ ከ90 ካለፈ ሥራ አለብኝ ማለት ነው። ሥራ ፈት ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ቢበልጥ የተለመደ ነው።

መከታተያውን መጫን

የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ሲያሳይ የፕሮሰሰሩን ግን አያሳይም፤ ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ እኔ የምመርጠው ኤችደብሊውኢንፎን ነው፤ ቀለል ያለ ለሚሻ ኮር ቴምፕም ይበቃል። ሁለቱንም ከአዘጋጆቻቸው ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ በእነዚህ ፕሮግራሞች ስም ቫይረስ የሚያስገቡ ተመሳሳይ ገጾች አሉና።

ኤችደብሊውኢንፎ ሲከፈት ሴንሰሮቹን ብቻ እንዲያሳይ የሚያደርገውን ምርጫ ምልክት አድርገው ይጀምሩ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ አብዛኛው አያስፈልግዎትም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ካለዎት ሲፒዩ ፓኬጅ የሚለውን፣ ራይዘን ከሆነ ቲሲቲኤል ወይም ቲዲአይ የሚለውን የሙቀት መስመር ይያዙ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የአሁኑ፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና አማካዩ ንባብ በአራት ዓምድ ይሰፍራል፤ ከታች ያለችው የሰዓት ምልክት ደግሞ እነዚህን ወደ ዜሮ መልሳ እንደ አዲስ ታስጀምራለች። ከሙቀቱ ሌላ ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ የኮሮቹን ፍጥነትና ተርማል ትሮትሊንግ የሚለውን መስመር። ይህ መስመር አዎ ካለ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ራሱን አዘግይቷል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

በዝርዝሩ ውስጥ 127 ዲግሪ የሚል አስደንጋጭ መስመር ካገኙ አይደናገጡ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ምንም ያልተገናኘበት የሴንሰር መስመር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ከንቱ ቁጥር ያሳያል፤ 127 ዲግሪ ቆሞ የማይነቃነቅ ሙቀት በእውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ አይኖርም። እንደዚሁም በፈረንጆቹ 2017 የወጡት ራይዘን 7 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ባለቤቶች፣ ቲሲቲኤል የሚለው ንባብ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ እንደሚወጣ ማስታወስ አለባቸው።

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ኤልኤም-ሴንሰርስ የተባለውን ፓኬጅ ጭኖ፣ ሴንሰርስ-ዲቴክት የሚለውን ትዕዛዝ አንድ ጊዜ ካስኬደ በኋላ፣ ሴንሰርስ ብሎ በጻፈ ቁጥር ንባቡን ያገኛል። ለኢንቴል ኮርቴምፕ፣ ለኤኤምዲ ኬ10ቴምፕ በሚል ርዕስ ስር ይወጣል።

ሦስቱ ልኬቶች

ደብተርና እስክሪብቶ ያዘጋጁ። በመጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይጻፉ፤ ያለዚህ ቀሪው ሁሉ ትርጉም የለውም። የግድግዳ ቴርሞሜትር ከሌለዎት የጠረጴዛ ሰዓት ላይ ያለውም ይበቃል፤ የትኩሳት መለኪያው ግን ለሰው አካል የተሠራ ስለሆነ የክፍል ሙቀት አያነብም።

የመጀመሪያው ልኬት የሥራ ፈት ልኬት ነው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ ምንም ፕሮግራም ሳይከፍቱ፣ ማውሱንም ሳይነኩ፣ አማካዩን ንባብ ይመዝግቡ። ሁለተኛው የዕለት ተዕለት ሥራዎ ነው፤ ብራውዘር ከፍተው፣ ቪዲዮ እያዩ፣ እንደ ወትሮው ሰዓት ያህል ይሥሩና ከፍተኛውንና አማካዩን ይጻፉ። ሦስተኛው ሙሉ ጭነት ነው። ለዚህ ሲኒቤንች አር23 የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይመቻል፤ እንደተጫነ ያለ ምንም ለውጥ ሁሉንም ኮሮች ለ10 ደቂቃ ያህል ያሠራል። ፕራይም95ን የሚመክሩ አሉ፤ እርሱ ግን በቤት ውስጥ ከሚሠራ ከየትኛውም ሥራ የከበደ ጭነት ስለሚጭን፣ ለመደናገጥ ካልሆነ በቀር ለተራ ተጠቃሚ የሚሰጠው ተጨማሪ እውቀት የለም።

በሦስተኛው ልኬት ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይውሰዱ። በ10ኛው ሴኮንድ፣ በ1ኛው ደቂቃ፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ስንት እንደነበር፣ ፍጥነቱም አብሮ ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ጭነቱ ሲቆም ደግሞ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወርድ ይመልከቱ። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ክፍሉ 21፤ ሥራ ፈት 52፤ በ10ኛው ሴኮንድ 88፤ በ1ኛው ደቂቃ 97፤ በ3ኛው ደቂቃ 100፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነት መውረድ።

የሙቀቱን አካሄድ ማንበብ

የዚህ ሁሉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ በሽታውን የሚናገረው ቁጥሩ የደረሰበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የደረሰበት ፍጥነት ነው።

ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ሙቀት መንገዱ ረጅም ነው። ከሲሊከኑ (ከፕሮሰሰሩ የውስጥ ቺፕ) ወደ ብረት ክዳኑ፣ ከክዳኑ በፔስቱ አልፎ ወደ ሂትሲንኩ (በላዩ ወደተጫነው ማቀዝቀዣ ብረት)፣ ከሂትሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች ወደ አየሩ፣ ከአየሩ በፋን ተገፍቶ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ውጭ ይሄዳል። ሲሊከኑ ቅንጣት ያህል ስለሆነ በአፍታ ይግላል፤ ሂትሲንኩ ግን ከባድ ብረት ስለሆነ ለመጋል ደቂቃዎች ይፈልጋል። መንገዱ የተዘጋው ገና መጀመሪያው ላይ ከሆነ ሙቀቱ በሴኮንዶች ውስጥ ይዘላል፤ መጨረሻው ላይ ከሆነ ቀስ እያለ ይከማቻል።

ስለዚህ ጭነት በተጀመረ በ5 እና በ10 ሴኮንድ ውስጥ ሙቀቱ 30 እና 40 ዲግሪ ዘልሎ ወደ ጣሪያው የሚጠጋ ከሆነ፣ በክዳኑና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ንክኪ ተበላሽቷል ብለው ይጠርጥሩ። ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ከሂትሲንኩ ማሰሪያዎች አንዱ ተነቅሏል። ነገሩ ቂጡ የጎበጠ ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንደ መጣድ ነው፤ ምድጃው ፍም መስሎ ውኃው ለብ ብሎ ይቀራል። ኮምፒውተሩን ወዲያው አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ የሂትሲንኩን ጎን በጣት ጫፍ ቢነኩት ጉዳዩ ይለያል፤ ፕሮግራሙ 95 እያለ ብረቱ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ብረቱ እየተሻገረ አይደለም።

በሌላ በኩል ሙቀቱ በመጀመሪያው ደቂቃ 65 ላይ ሆኖ፣ ከዚያ በ5ኛው 74፣ በ10ኛው 83 እያለ ማቆሚያ ካጣ፣ ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሏል፣ አየሩ ግን አላነሣለትም። መንስኤው በክንፎቹ መካከል የተጋገረ አቧራ፣ የደከመ ፋን ወይም መውጫ ያጣ የኬዝ አየር ነው። እነዚህን ለመለየት የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው ሙከራውን ይድገሙ። ክዳኑ ሲከፈት 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር ዝውውር ነው፤ ምንም ካልተለወጠ አቧራውን ወይም ፋኑን ይመርምሩ።

ሦስተኛው መልክ፣ በጭነት ጊዜ ደህና ሆኖ ሥራ ፈት ሲሆን የሚግል ኮምፒውተር ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ሥራ አልፈታም፤ ከጀርባ አንድ ነገር ይሠራል። የዊንዶውስ ማሻሻያ ወይም የጸረ-ቫይረስ ፍተሻ ከሆነ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ከማይታወቅ ምንጭ የተጫነ ጌም ካለ ግን ድብቅ የክሪፕቶ ማዕድን ቆፋሪ፣ ማለትም በእርስዎ ኮምፒውተር ጉልበት ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም፣ አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መካከል ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራ የሚያቆሙ፣ ሲዘጋ የሚቀጥሉ አሉ፤ ታስክ ማናጀርን በከፈቱ ቁጥር ፋኑ ጸጥ የሚል ከሆነ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው።

ብራውዘር ሲከፈት ለአንድ ሁለት ሴኮንድ 15 ዲግሪ ወጥቶ የሚመለስ ሙቀት ግን በሽታ አይደለም። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች አንዱን ኮር ለአፍታ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ስለሚያስፈነጥሩት የሚመጣ ነው።

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት

የኮምፒውተሩን ቦታ ይመልከቱ። በቡፌ ክፍል ውስጥ የተዘጋ፣ ጀርባው ከግድግዳ የተጣበቀ፣ ወይም ቤቱን ለማሳመር ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ዳንቴሉ የተሠራበት ሙያ የሚከበር ቢሆንም የላይኛውን የአየር መውጫ ከሸፈነ መነሣት አለበት። ከኋላ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ወለል ላይ ከሚቀመጥም ጥቂት ከፍ ቢል ይሻላል፤ ሲጠረግ የሚነሣውን አቧራ መጀመሪያ የሚስበው እርሱ ነውና።

የሚኖሩበት አገር አየርም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በአየር የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል። የእኔ 63 ዲግሪ በ21 ዲግሪ ክፍል የተለካ ስለሆነ ልዩነቱ 42 ነው፤ ይኸው ማሽን ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት 35 ዲግሪ ክፍል ቢቀመጥ 77 አካባቢ ይሆናል፣ ምንም ሳይበላሽ። የጣሪያ ማራገቢያ ሰውን ያቀዘቅዛል እንጂ የክፍሉን አየር ሙቀት አይቀንስም፤ ለኮምፒውተሩ የሚረዳው ትኩሱን አየር ከአካባቢው በመበተን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በእኩል የፋን ፍጥነት የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል አቅራቢያ የተፈተነ ሂትሲንክ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢገኝ የተጭበረበሩ አይምሰልዎ።

አቧራውን ማውጣት

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያፍስሱ። ከመጀመርዎ በፊት ያልተቀባ የኬዝ ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በሰውነትዎ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አውጥተው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽና በእጅ በሚያዝ ብሎወር ከውስጥ ወደ ውጭ ያራግፉ። በሚነፉበት ጊዜ ሁሉ የፋኑን ምላጭ በጣት ወይም በእስክሪብቶ ይያዙት፤ ከመጠን በላይ በፍጥነት ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

በሰፈራችን የተለመደው ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያው ማስነፋት ነው። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አልደግመውም። የኮምፕረሰሩ ታንክ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ማዘርቦርዱ ላይ ነጠብጣብ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሁለት ቀን ፀሐይ በሌለበት አየር ላይ አድርቄ ነው ያበራሁት። ግፊቱም ቀጭን የፋን ምላጭ ለመስበር ይበቃል።

ፋኑ በሂትሲንኩ ላይ ተጭኖ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ከላይ ንጹሕ መስሎ ከሥሩ በክንፎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ሊኖር ይችላል። የእኔው ላይ ፋኑን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቼ ሳነሣው፣ ግራጫ ምንጣፍ መስሎ በአንድ ቁራጭ ተላጠ። ኮምፒውተሩ ወጥ ቤት አጠገብ ወይም ጭስ በሚበዛበት ክፍል የቆየ ከሆነ አቧራው በቅባት ስለሚጣበቅ ብሩሽ ግድ ነው። ይህን ጨርሼ ስለካ ሙሉ ጭነቱ ከ100 ወደ 86 ወርዶ ነበር፤ በ10ኛው ሴኮንድ ያለው ዝላይ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ይህም ፔስቱን እንድከፍት አደረገኝ።

ፔስት መቀየር

የሚያስፈልግዎት የታወቀ ተርማል ፔስት፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅና ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ነው። እንደ ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 ወይም አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ያለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፔስት ለቤት ይበቃል። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ይተዉት፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አይቻለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ የሠራ ይመስልና ውኃው ሲተን ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል።

ኮምፒውተሩን ለ10 ደቂቃ ያህል አሠርተው ያጥፉት፤ የሞቀ ፔስት በቀላሉ ይላቀቃል። ገመዱን ነቅለው በጎኑ አስተኝተው፣ የፋኑ ሽቦ የት እንደተሰካ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ይንቀሉት። የኢንቴል ኦሪጅናል ሂትሲንክ በአራት የፕላስቲክ እግሮች የሚያዝ ነው፤ እያንዳንዱን በላዩ ወዳለው ቀስት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይሳቡት። በብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን በስፕሪንግ የተያዙ አራት ብሎኖች ናቸው፤ እነርሱን በሰያፍ እየተሻገሩ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያላሉ ይፍቱ፤ አንዱን ጨርሶ ፈቶ ወደ ሌላው መሄድ ሂትሲንኩን ያዘነብለዋል።

ሂትሲንኩን በቀጥታ ወደ ላይ አይንቀሉት፤ መጀመሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ያወዛውዙት። ይህ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (በማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) ለሚቀመጥ ራይዘን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች 1,331 እግሮች ከፕሮሰሰሩ ሥር ስለሆኑ፣ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ መንቅሮ ሊያወጣውና እግሮቹን ሊያጣምም ይችላል።

የድሮውን ፔስት ከሁለቱም ወገን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ብረቱ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይደጋግሙት። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮልም ያጸዳል፣ ውኃ ስላለበት ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ በክዳኑ መካከል ከምስር የማያንስ፣ ከአተር የማይበልጥ ጠብታ ያኑሩ። በጣት አይቀቡት፤ ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገው አንድ ጊዜ ያሳርፉት፤ አሳርፈው መልሰው ካነሡት አየር ይገባበታልና ጠርገው እንደገና ይጀምሩ። ብሎኖቹንም እንደ አፈታታቸው በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ። የፕላስቲክ እግሮች ከሆኑ ወደ ቦታቸው መልሰው ካዞሩ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ እግሮች ቀጭ እስኪሉ ይጫኑ፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለቱን፤ በመጨረሻም አራቱም እንዳልተነቃነቁ እየሳቡ ያረጋግጡ። በስንፍና የተተወ አንድ እግር የሥራውን ሁሉ ዋጋ ያጠፋዋል። የፋኑን ሽቦ መሰካት እንዳይረሱ፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ይህ ሲጎድል ሲነሡ ይጮኻሉ ወይም የስሕተት መልእክት ያወጣሉ።

የእኔው ፔስት ሲከፈት ግራጫ ዱቄት ሆኖ መካከሉ ባዶ ነበር። ቀይሬ ስለካ በ10ኛው ሴኮንድ 51፣ በ10ኛው ደቂቃ 63፣ ሥራ ፈት 33 ሆነ።

ፋንና ኃይል

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭነው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ሲገቡ፣ በርካታ ማዘርቦርዶች ላይ የፋን ፍጥነት ከሙቀት ጋር የሚያያዝበትን መስመር ያገኛሉ። ባለ 4 ፒን ፋን ከሆነ ፒደብሊውኤም፣ ባለ 3 ፒን ከሆነ ዲሲ የሚለው መመረጥ አለበት፤ ከተቀያየረ ፋኑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሊሽከረከር ይችላል። እኔ እስከ 50 ዲግሪ 35 በመቶ፣ በ70 ዲግሪ 65 በመቶ፣ በ82 ዲግሪ 100 በመቶ አድርጌዋለሁ። ፋኑ በየአፍታው ከፍ ዝቅ እያለ የሚረብሽ ከሆነ፣ ለውጡን ጥቂት ሴኮንድ የሚያዘገየውን ምርጫ ያብሩ። በኬዙ ላይ ፋን የሚጨምር ሰው ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ አድርጎ ይግጠም፤ ሁለቱም የሚያስወጡ ከሆኑ አቧራ በየቀዳዳው ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሙቀቱ አልበርድ ካለ፣ ፕሮሰሰሩ ከሚጠቀመው ኃይል መቀነስ ይቻላል። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ልክ ስለሚያድግ፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች ከሚሰጡት ጥቅም በላይ ሙቀት ያመጣሉ። በዊንዶውስ ቀላሉ መንገድ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው፤ በአብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ተርቦ ቡስትን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚፈጥንበትን ስልት፣ ያጠፋል። ዝግመቱ ለቢሮ ሥራ እምብዛም አይታወቅም፤ ለጌምና ለቪዲዮ ግን ይታወቃል። የራይዘን ባለቤቶች በባዮስ ውስጥ ኢኮ ሞድን ይፈልጉ፤ የ105 ዋት ክፍል የሆነውን ፕሮሰሰር ወደ 65 ዋት ክፍል ያወርደዋል። ቮልቴጅ ብቻ መቀነስ የሚፈልጉ የኢንቴል ተጠቃሚዎች ግን ምርጫው ተቆልፎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በታኅሣሥ 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ ብዙ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ ዘግተውታል።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በልኩ ይውሰደው። ቀጭን ላፕቶፕ በሙሉ ጭነት 90 እና 95 መድረሱ እንግዳ አይደለም። በጋቢ ወይም በፍራሽ ላይ አስቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ ግን የሥሩን የአየር መግቢያ ደፍነዋል፤ የኋላውን ጫፍ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ክዳኑን የሚከፍት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ሽቦ ይንቀል።

መልሶ መለካት

እያንዳንዱን እርምጃ ከወሰዱ በኋላ ሦስቱን ልኬቶች ይድገሙ፤ መካከል ላይ ሳይለኩ ሁለት ነገር አይቀይሩ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል፤ እኔ በጥቅምትና በሚያዝያ አደርገዋለሁ፣ የበጋው አቧራ ከመጀመሩ በፊትና ካለፈ በኋላ። ባለፈው ሚያዝያ ክፍሉ 24 ሆኖ ሙሉ ጭነቱ 69 ተነበበ። ልዩነቱ 45 ነው፤ ከመጀመሪያው 42 በሦስት ጨምሯል፣ የ10ኛው ሴኮንድ ንባብ ግን የክፍሉ ጭማሪ ሲቀነስለት እንደ በፊቱ ነበር። ስለዚህ ፔስቱን አልነካሁም፤ የፊት ለፊቱን ወንፊት በብሩሽ ጠርጌ ብለካው ልዩነቱ ወደ 42 ተመለሰ።